በአንድ ክር ላይ ሁለት ድምፅ

ፈሪዳ የቴፑን ድምፅ ከፍ ስታደርገው ጭራሽ ባሰበት። የሰርጉ ዘፈን ሞቅ ማለት ሲጀምር ከከበሮው መሀል የአንድ ትንሽ ልጅ ወሬ ይሰማል። ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ ልጁ ይለፈልፋል፤ እልልታው ይውጠውና ደግሞ ብቅ ይላል። ነገ በትምህርት ቤቱ የባህል ቀን ክፍላቸው የሚጨፍረው በዚህ ዘፈን ነው። «አያቴ ቤት በቴፕ አለ» ብላ ጉራ የነዛችው ደግሞ ራሷ ናት።

አያቷ አባባ ኢድሪስ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ድምፅ መቅጃ ቤት ነበራቸው። ካሴት ሳይበዛ ከእብናትና ከሐሙሲት ሳይቀር ዘፋኝና ሰርገኛ እየመጣ እሳቸው ዘንድ ይቀዳ ነበር። ዛሬ ሱቁ ጫማ ይሸጥበታል። ሁለት ትልልቅ ጥቅል የሚጫንበት፣ ሻንጣ የሚያህለው ቴፕ ግን ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ፈሪዳ ልጅ ሆና ዳንቴሉን እየገለጠች ጥቅሎቹን በጣቷ ማሽከርከር ትወድ ነበር።

አባባ ኢድሪስ ከቀትሩ የዙህር ሰላት ሲመለሱ የቴፑ ክር ተበላሽቷል ብላ ነገረቻቸው። ጠጋ ብለው አዳመጡና አልተበላሸም አሉ። ክሩ ስፋቱ ከትንሽ ጣት ጥፍር ባይበልጥም አራት መስመር አለው፤ ሁለቱ አሁን የሚሰሙት፣ ሁለቱ ደግሞ ክሩ ተገልብጦ ሲጫን የሚሰሙት ናቸው። ስቴሪዮ የሚባለው አንዱን ዘፈን ለግራና ለቀኝ ጆሮ በሁለት መስመር መቅዳት ነው፤ ከበሮው በዚህ፣ አቀንቃኟ በዚያ በኩል የቆሙ ይመስላሉ። ክር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ግን አባባ ኢድሪስ ይህ ቅንጦት አልነበራቸውም። የደንበኛውን በአንዱ መስመር ይቀዱና የተረፈውን ለቤታቸው ያውሉታል። ካርቶኑ ላይ የሚጽፉት የደንበኛውን ብቻ ነበር።

«ሁለቱንም መስመር ባንዴ ስለከፈትሽው ነው የተደባለቀው። ይቺን ማዞሪያ ወደ ግራ አድርጊያት» አሏት።

አዞረቻት። ልጁ ጠፋ፣ ዘፈኑ ጥርት ብሎ ቀረ። ፈሪዳ በደስታ ስልኳን ወደ ስፒከሩ ስታስጠጋ አያቷ እጇን ያዝ አደረጓት።

«እስቲ ወደ ቀኝ መልሺያት።»

አሁን ልጁ ብቻውን ቀረ። ሱቅ ውስጥ ድመት እንደወለደችና ግልገሎቿን ማንም እንዳይነካበት እየተናገረ ነው። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ።

«ሱልጣን ነው» አሉ። «አባትሽ ነው። ይህን ክር ስንት ዘመን ፈለግሁት። ሰርግ ብዬ ጽፌበት፣ ሰርግ ነው እያልኩ አልፈው ነበር።»

አባቷ የሞተው እሷ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። መልኩን ከፎቶ ታውቀዋለች፤ ድምፁን ግን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። እንባዋ ሳታስበው መጣ።

በዚህ መሀል ክሩ እየታከከ ከሚያልፍበት ብረት ሥር ቡናማ ዱቄት ሲረግፍ አየች። ቴፑን ልታጠፋው ስትል አያቷ ከለከሏት። ክሩ አርጅቷል፤ ከቆመ ይጣበቅና ይበጠሳል። ሲሄድም ድምፁን የያዘው ሽፋን እየተላጠ ስለሆነ ያለፈው ሁለተኛ አይሰማም።

ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ ሙና የድምፅ መልእክት ልካለች፦ «ፈሪ፣ ዘፈኑስ? ልጆቹ አንቺን ነው የሚጠብቁት። ወላሂ ነገ ጉድ እንዳትሠሪን።»

«ስልክሽ ሁለቱን ለየብቻ መያዝ አይችልም?» አሉ አባባ ኢድሪስ።

«አይችልም አባባ። አንድ ላይ ያቦካቸዋል።»

ሽማግሌው ወደ ቴፑ ተጠጉ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ማዞሪያዋን ወደ ግራ መለሷት። ልጁ ወሬውን ሳይጨርስ ተቋረጠ፣ ከበሮው ገባ።

«ሰርጉን ቅጂ። ለሰው ቃል ሰጥተሻል» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ፈሪዳ ጨነቃት። ነገ ዓይኗን በጨው አጥባ ክፍል መግባቷ ነው፤ ሙና ደግሞ በቀላሉ የምትረሳ ልጅ አይደለችም። ዘፈኑም ያምራል፤ በዚያ ላይ እንዲህ የሚዘፍኑ ሴቶች ዛሬ ከየት ይመጣሉ። የአያቷን ጀርባ አየች። ክሩ እየሄደ ነው።

«ዘፈኑን አላመጣውም፣ አፉ በይኝ። ነገ እኛው እንዘፍናለን» ብላ ለሙና ጻፈች። ከዚያ ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ አድርጋ የስልኳን መቅጃ ከፈተች።

አባባ ኢድሪስ ዞር አሉ፤ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ልጁ ስለ ድመቷ ጨርሶ ዝም ብሏል፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ቆይቶ ወደ መቅረጫው በጣም ተጠግቶ፣

«አባዬ፣ አሁን ይኸ ነገር እየሰማኝ ነው?» አለ።

«እየሰማንህ ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ፈሪዳ ድምፃቸው እንዳይገባ ዝም እንዲሉ ልትጠቁማቸው እጇን አነሳች። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችውና ስልኩን ወደ እሳቸውም ትንሽ አስጠጋችው።