ከመደርደሪያው የወጣ ካርድ

«አልከተብም።»

ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሲስተር ከዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ሰርዛ ቀጣዩን ጠራች። «እኔም አልከተብም» አለች ቀጣይዋ። ከእሷ በኋላ የተጠራችው ደግሞ ገና ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ራሷን ነቀነቀች። ሲስተሯ ከጠዋት ጀምራ የክትባቱን ቀዝቃዛ ሳጥን ተሸክማ ከክፍል ክፍል ስትዞር የቆየች ናት። እዚህ ክፍል ግን ከሠላሳ አንድ ሴት ልጆች የተከተቡት አራት ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ሬዲዮ አንገቷን ደፍታ የእስክሪብቶዋን ክዳን ታኝካለች። ሬዲዮ ልጆቹ ያወጡላት ስም ነው። ፈተና መቼ እንደሆነ፣ የትኛው መምህር እንደቀረ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ክፍሉ የሚሰማው ከእሷ ነው። ስለ ክትባቱ የሚገልጸው፣ ወላጅ የሚፈርምበት ደብዳቤ የተላከ ቀንም ዜናውን ያሰራጨችው እሷ ናት።

«መካን ያደርጋል» ነበር ያለችው። «አክስቴ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። እሷ ናት የነገረችኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአክስቷ አፍ ወጥቶ አያውቅም። እውነቱ፣ ሬዲዮ መርፌ ትፈራለች። አራተኛ ክፍል እያለች መርፌ ስትወጋ ራሷን ስታ ወድቃ፣ ቀሚሷ ተገልቦ፣ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ሲስቁባት ከርመዋል። ብቻዋን እምቢ ብትል ፈሪ ትባላለች፤ ሁሉም እምቢ ካሉ ግን ማን ማንን ፈሪ ይላል? እንዲህ ብላ ነው የገባችበት። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወሬው በሦስት ቀን ውስጥ ከልጆቹ ወደ እናቶቻቸው፣ ከእናቶቻቸው ወደ ጎረቤት ተሻገረ።

«ምን ሰምታችሁ ነው?» አለች ሲስተሯ።

 ረጅሟ የምትባለው ልጅ ተነሳች። ረጅሟ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሬዲዮ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። «መካን ያደርጋል ተብሏል ሲስተር። የሷ አክስት እናንተው ጋ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። እሷ ናት ያለችው።»

ሲስተሯ ሬዲዮን አየቻት። የተቆጣች ሳይሆን የደከማት ትመስል ነበር። «ክትባቱ ወደፊት የማህጸን በር ካንሰር እንዳይዛችሁ የሚሰጥ ነው። መካን አያደርግም። አርብ አንድ ጊዜ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ የዘንድሮው ዘመቻ ያልቃል» ብላ ሳጥኑን ዘጋች።

ሬዲዮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አክስቷ ከሥራ ቀድማት ገብታ ነበር። የእናቷ ታናሽ እህት ናት፤ ሬዲዮ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ አብራቸው ትኖራለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከስታለች፣ ስትቀመጥም ስትነሳም ወገቧን ትይዛለች። ቤት ውስጥ «ኩላሊት ነው» ይባላል።

«ነይ ቁጭ በይ» አለቻት የአልጋውን ጠርዝ እያሳየች። «ሲስተሯ ካርድ ክፍል ድረስ መጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹የማያውቅ ይሳሳታል፤ አንቺ ግን እንዴት?› አለችኝ። በሰው ፊት።»

ሬዲዮ መሬት መሬቱን አየች።

«ስሜን ምን አድርጊበት ብዬ ሰጠሁሽ?»

«ባንቺ ስም ካልሆነ አያምኑኝም ብዬ ነው።»

አክስቷ ሳቀች፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። ጥግ ላይ የሰው ዩኒፎርም የምትሰፋው እናቷ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ተይ እንጂ አንቺ፣ ልጅ ናት» አለች።

«ልጅ ስለሆነች ነው የምነግራት።» አክስቷ ፍራሹን ገለጥ አድርጋ ጠርዙ የተበላ የጤና ጣቢያ ካርድ አወጣች። ላዩ ላይ የራሷ ስም ተጽፏል።

«ካርድ ቤት ይመጣል እንዴ?» አለች ሬዲዮ።

«አይመጣም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ከአምስት ዓመት በፊት ለኛ ለሠራተኞቹ የማህጸን በር ምርመራ ተደረገልን። ውጤቱ ተጽፎ ሲመጣ የምደረድረው እኔ አይደለሁ? አየሁት። ‹ለሕክምና ተመልሳ ትምጣ› ይላል። ያኔ ገና ካንሰር አልሆነም ነበር። አንድ ጠዋት ሄዶ ታክሞ መመለስ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?»

«አፈርኩ። ካርድ ክፍል አራት ነን። የሰው ካርድ በእጃችን ሲያልፍ እናነባለን፣ አንብበንም እንንሾካሾካለን። እኔም የስንቷን አንብቤያለሁ። የኔን እንዳያነቡብኝ ከመደርደሪያው አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እኛ ጋ ካርዱ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ሰውየው የለም ማለት ነው። የሚጠራኝ ጠፋ። እኔም ቀስ በቀስ የዳንኩ መሰለኝ።» ካርዱን ጉልበቷ ላይ አገላበጠችው። «መስኮታችን ላይ ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› የሚል ወረቀት አለ። ማን የለጠፈው መሰለሽ?»

ሬዲዮ መጠየቅ ፈራች፤ ግን ጠየቀች። «ኩላሊት አይደለም?»

«አይደለም። ሲስተሯ ክትባት ይዛ የምትዞርለት እሱው ነው። በናንተ ዕድሜ ሳለሁ ለኔ የሚመጣ ሳጥን አልነበረም። አሁን ሐኪሙ ሲያናግረኝ ዓይን ዓይኔን አያይም፤ ወረቀቱን ነው የሚያየው።»

እናቷ ከመርፌው ሥር ምንም ጨርቅ ሳይኖር ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች። ሬዲዮ አለቀሰች። የሚያባብላት አልነበረም፤ እሷም መባበል የሚገባት አልመሰላትም።

«አርብ ልንገራቸው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «አንቺን እንዳመመሽ ካወቁ ያምኑኛል።»

«አይሆንም።» አክስቷ ካርዱን ወደ ፍራሹ ሥር መለሰችው። «አንዴ በስሜ ነግደሽበታል፤ ይበቃል። የኔን እኔ ስፈልግ እናገራለሁ። አንቺ የራስሽን ተናገሪ።»

አርብ ሲስተሯ ስትመጣ ሬዲዮ መምህሩን አስፈቅዳ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ሁለት ቀን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ክፍሉን ቀና ብላ ስታይ ግን ሁሉም ጠፋባት።

«አክስቴ ምንም አላለችም» አለች። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መርፌ ስለምፈራ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ሬዲዮ ጣቢያ ቀየረች» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

«ያኔ ከዋሸሽን፣ አሁንስ እንዳልዋሸሽ በምን እናውቃለን?» አለች የፊት ወንበር ላይ ያለችው ልጅ።

የአክስቷ ካርድ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ያምኗት ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና ወደ ረጅሟ ዞረች። «አንቺስ?»

«እናቴ ደብዳቤውን ቀድዳዋለች» አለች ረጅሟ። «ያንቺ አክስት አለች ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ሲስተር ያለችውን ላስረዳት ብሞክር፣ ‹እምቢ ብያለሁ› ብላ ተነሳችብኝ። ዘመቻው ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ላለ ነው። በሚቀጥለው ወር እኔ አሥራ አምስት ይሞላኛል።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ደብተሮቿን ሰብስባ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሬዲዮ ጋር የተቀመጠችበትን ዴስክ ትታ፣ መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደች።

ሲስተሯ ዝርዝሩን አንስታ ያልተከተቡትን ሃያ ሰባት ስሞች ከላይ ጀምራ ጠራች። ከሬዲዮ ሌላ ሦስት ልጆች ተነሱ። ሌሎቹ አልተነሱም፤ አንዳንዶቹ ደብዳቤው ስላልተፈረመላቸው፣ አንዳንዶቹ ስላላመኑ። ሬዲዮ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ ሁሉንም በስም ታውቃቸዋለች። ቤታቸው ሄዳ ለየትኛዋ እናት ምን ብላ እንደምትነግር ገና አላወቀችም። የየትኛዋ ቤት ለትምህርት ቤቱ እንደሚቀርብ ግን ታውቃለች።

የእሷ ተራ ደረሰ። ሲስተሯ የሚከተቡት እንዳያፍሩ ብላ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር ያስቀመጠችው።

«ሲስተር፣ ወደ ክፍሉ ላዙረው?»

«ለምን?»

«ብወድቅም ይዩኝ።»

ሲስተሯ ትንሽ አይታት ራሷ አዞረችላት። ሬዲዮ ተቀምጣ ቀሚሷን ከጉልበቷ በታች ጠበቅ አድርጋ ያዘችና እጅጌዋን ሰበሰበች።  ቀዝቃዛው ጥጥ ክንዷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን አልጨፈነችም። ረጅሟ ከመስኮቱ አጠገብ ሆና ታያት ነበር፤ አልሳቀችም።