የግራኟ ስፌት

«እዚህ ጋ አቁሚው! ገበሩ ላይ!»

ሚጢጢ ስልኩን ከጓደኛዋ እጅ ነጠቀችና ዓይኗ ሥር አስጠጋችው። ቪዲዮው ላይ አንድ ኮት ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች ከተማ የሚገኝ ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት ሥራውን ለማስተዋወቅ ከትናንት በስቲያ የለቀቀው ነው። ገበሩ ከኮቱ ጋር በእጅ ተዘምዝሟል። የሌላው ሰፊ ክር ወደ ቀኝ ሲያጋድም፣ ይኼ ግን አንድ ሳይቀር ወደ ግራ ተኝቷል።

«እታለም ናት» አለች ሚጢጢ። «ግራኝ ናት እኮ። ይኼን ዝምዘማ ከሺህ መካከል እለየዋለሁ።»

ጓደኛዋ ጠበቃ እንዲሁ በቀላሉ አታምንም፤ ከመምህር ጋርም ከታክሲ ረዳትም ጋር ስለምትከራከር ነው ስሙ የወጣላት። «ቆይ ባክሽ፣ የፊት ካሜራ ከሆነስ? ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል።»

«ሜትሩን እዪው። ከኮቱ ጎን የተጋደመውን። ቁጥሩ ተገልብጧል?»

ጠበቃ አጎላችው። «ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት… አልተገለበጠም።»

የሚጢጢ ታላቅ እህት ከጠፋች አሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል። ሁለቱ ጓደኛሞች «እታለምን አያችሁ?» የሚል ገጽ ከፍተው ሠላሳ ሺህ ተከታይ አፍርተዋል። እታለም ከስፌት ሌላ ሥራ አታውቅም፤ የትም ብትሆን መርፌ ትይዛለች ብለው የየከተማውን ስፌት ቤት ቪዲዮ ሲያገላብጡ ሰንብተዋል። ማን እንዳጠፋት ግን ሚጢጢ ገና በስምንተኛው ቀን ወስናለች፤ የምትሠራበት ስፌት ቤት አለቃ ነው። የጠፋች ዕለት ማለዳ ቦርሳዋን ተሸክሞ መናኸሪያ አካባቢ ሲሄድ ያየው ሰው ኮሜንት ላይ ጽፎ ነበር። አለቃው ሲጠየቅ «የማውቀው ነገር የለም» ብሎ በሩን ዘጋ። እነሱም ፎቶውን ከነሱቁ አድራሻ ለጠፉት፤ «ቦርሳዋ በማን እጅ ነበር?» ብለው። በማግስቱ የሱቁ መስተዋት በድንጋይ መሰበሩን ስትሰማ የሚጢጢ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ይበለው፣ ገና ምን አይቶ!

ለስፌት ቤቱ የምትጽፈውን ከገጹ ልትልክ አሰበችና የገጹ መልእክት ሳጥን በስድብ ስለተጨናነቀ ከራሷ ስልክ ላከችው። «ይህን ኮት የዘመዘመችው ግራኝ ናት? እህቴ ናት። በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገሩኝ።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

«ሚጢጢዬ።»

ሚጢጢ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። «እታለም! የት ነሽ? ያ ሰውዬ ነው የደበቀሽ አይደል? ቆይ ብቻ፣ አፈር ድሜ ነው የማበላው!»

«የትኛው ሰውዬ?»

«አለቃሽ ነዋ!»

«እሱ እኮ ነው ያተረፈኝ። ቦርሳዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። እዚህ ሥራ ያገኘልኝም እሱ ነው። ማንም ቢጠይቅ አላውቅም እንዲል ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ከማን ነው የሸሸሽው?»

«ክንዴ ላይ ያየሽውን ታስታውሺያለሽ? ካውያ አቃጠለኝ ያልኩሽን? ካውያ አልነበረም። ወንድማለም ነው።»

ወንድማለም የእታለም እጮኛ ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር። ሚጢጢ «ወንድማለም» ብላ እንድትጠራው የጠየቃት ራሱ ነበር። አሥራ ሁለቱንም ቀን ከቤታቸው አልጠፋም፤ ማስታወቂያውን ያሳተመው እሱ፣ ካሜራ ፊት ያለቀሰው እሱ። የአለቃዋን ፎቶ አምጥቶ «አጋልጡት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ያላቸውም እሱ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የገጹ አድሚን አድርገውታል። ከገጹ ብትልከው ኖሮ መልእክቷን ከእሷ እኩል ያነበው ነበር።

«ለእማዬ ለምን አልነገርሻትም?»

«ሁለቴ ነገርኳት። ‹ወንድ ነው፣ ይቆጣል፣ ይበርድለታል› አለችኝ። ሦስተኛውን መናገር ፈራሁ።» እታለም ትንፋሿን ሰበሰበች። «ስሚኝ። እዚህ ፖሊስ ጋ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የመያዣ ትእዛዙ ሰኞ እናንተ ከተማ ፖሊስ ጋ ይደርሳል። ግን እሱ ዛሬ እዚህ ነው ነገ እዚያ፤ ሽው ካለው ይሰወራል። ከተሰወረ ደግሞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። እስከ ሰኞ ምንም እንዳትለጥፉ። የለጠፋችሁትንም አትንኩ፣ ይነቃል። እሺ በይኝ።»

«እሺ» አለች ሚጢጢ፤ አፏ ብቻ ነበር ያለው።

ስልኩ እንደተዘጋ የእጮኛውን ፎቶ፣ የመኪናውን ታርጋና ስልክ ቁጥሩን ደርድራ፣ ከሥሩ በሕይወቷ ጽፋው የማታውቀውን ዓይነት ስድብ ጻፈች። ደሟ ፈልቷል። እናቷ ፊት ሲያለቅስ፣ እሷ መሐረብ ስታቀብለው፣ በሆዱ ይስቅባቸው ኖሯል።

«ልቀቂው» አለች ጠበቃ። «ሠላሳ ሺህ ሰው ነው። እስከ ማታ መግቢያ ያጣል።»

«እታለምስ?»

ሚጢጢ አልለቀቀችውም፣ አላጠፋችውምም፤ ስልኳ ውስጥ አስቀምጣው ወደ አለቃው ሱቅ ሄደች።

አለቃው የተሰበረውን መስተዋት በካርቶን እየሸፈነ ነበር። በሩ ላይ በቀለም «ሰው በላ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጥ ካሉት አራት ማሽኖች አንዱም አይሠራም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት።»

«አውቅሻለሁ። ፎቶሽ እህትሽ ማሽን ላይ ተለጥፏል» አለ ሳይዞር።

«ደውላልኝ ነበር። ሁሉንም ነገረችኝ። ለምን ዝም አሉ? አንድ ቃል ቢናገሩ እኮ…»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ዝም አይነቅዝም።»

«አሁኑኑ ላውርደው።»

አሁን ዞረ። ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ነበሩ። «ከዚያ ያ ሹፌር ለምን ወረደ አይልም? አልተናደድኩም ብዬ አልዋሽሽም። ልጄ ትናንት ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ነው የመጣችው። ግን የሰኞውን ለእኔም ነግራኛለች፤ አሥራ ሁለት ቀን የቻልኩትን ሁለት ቀን አያቅተኝም። ሰኞ ማታ እውነቱን ትጽፊያለሽ፤ የእኔ ፎቶ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ስፋት። አሁን ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ሚጢጢ ካርቶኑን ያዘችለት፣ እሱ ለጠፈ።

ቤት ስትደርስ እጮኛው ከእናቷ ጎን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የታተመ ማስታወቂያ ተከምሯል። የእታለም ፊት ከላይ ይስቃል።

«የእኔ እህት፣ መጣሽ? ኮሜንቶቹን አየሽ? ሰውዬውን ሥጋውን እየበሉት ነው!»

«አየሁ፣ ወንድማለም።»

«ዛሬ ታዲያ ገጹ ላይ ምንም አልጻፋችሁም። አዲስ ነገር የለም?»

ዓይኑ ስልኳ ላይ ነበር። ጽሑፉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሚጢጢ ብርጭቆውን የያዙትን እጆቹን አየች። ትኩሱን ሻይ ፊቱ ላይ ብትደፋው ደስ ባላት።

«ምንም የለም» አለች።

«አይዞሽ። እኔ ነገ ጭነት ይዤ እወጣለሁ፣ ረቡዕ እመለሳለሁ። እስከዚያ በርቱ።»

ረቡዕ! ትእዛዙ የሚመጣው ግን ሰኞ ነው። እናቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ «እንደ እሱ ያለ ማን አለን?» አለች። ሚጢጢ ለእናቷም የምትለው ብዙ ነበራት፤ እሱንም ዋጠችው። ሆድ ይፍጀው። እጮኛው አጠገብ ተቀመጠችና ራሷን ዘንበል አደረገች።

«ወንድማለም፣ ነገ ባትሄድስ? ሰኞ ገጹ ላይ በቀጥታ ሥርጭት ልንቀርብ አስበን ነበር። እኛ ልጆች ነን፣ ማን ይሰማናል? አንተ ስትናገር ግን ሰው ሁሉ ያለቅሳል።»

እጮኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንት ሰው ያየዋል?»

«ሠላሳ ሺህ። ከዚያም በላይ።»

አሰበ፤ ፀጉሩን በእጁ ወደ ኋላ አሸት አደረገ። «ጭነቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ በቃ። ለእሷ ያልሆንኩ ለማን እሆናለሁ? በስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ሰዓት፣ እዚሁ ቤት። እንዳታረፍድ ብቻ።»

«እኔ? መቼ አርፍጄ አውቃለሁ!»

ሚጢጢ ባዶ ብርጭቆውን ተቀብላው ማድቤት ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ ያንን ጽሑፍ ከፈተች፤ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበችውና አጠፋችው። ከዚያ እታለም ወደ ደወለችበት ቁጥር ጻፈች። «ለፖሊሶቹ ንገሪያቸው። ሰኞ፣ አሥር ሰዓት፣ እኛ ቤት።» መድረሱን አረጋግጣ መልእክቱን ከስልኳ ሰረዘች፣ ሻዩንም ቀድታ ተመለሰች።

«ስኳር ስንት ላድርግልህ?» አለችው።