ዋኔዎቹ ያመጧት ዝግባ

የነሐሴ 1999 ዓ.ም. ዝናብ ሊያባራ ሲል፣ አገሩ ሁሉ ለሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፣ በአዲስ አበባ ዳር፣ ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ባለች አንዲት ደብር ያረጁት ወይራዎች በየተራ ይደርቁ ነበር፤ ዙሪያው በአዳዲስ ቤቶች ተከቦ ከጥንቱ ደን የተረፈው የቅጽሩ ዛፍ ብቻ ነበርና፣ ተተኪ አለመብቀሉ አለቃውን ርእሰ ደብር ታዲዮስን እንቅልፍ ነሥቷቸዋል።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ልጃቸው ደግፌ ከባድመ ግንባር በሕይወት ቢመለስ ቅጽሩን ዕድሜ ልካቸውን ሊጠርጉ ተስለው ነበር፤ ደግፌም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዋኔ የተባሉት የዱር ርግቦች ከዛፍ ላይ የሚጥሉትን ኩስና ፍሬ በየማለዳው ጠርገው ከቅጽሩ ውጭ ይደፉ ነበር፤ ቅጠል እንኳ አያመልጣቸውም። በዚያ ክረምት ግን ወገባቸውን ታመው አልጋ ላይ ዋሉ።

ድነው ሲመለሱ፣ መጥረጊያ ባልነካው መሬት የወይራ ቡቃያ ፈልቶ አገኙ። ከመካከሉም አንዲት ዝግባ ቆማለች። በዚያ ደብር ዝግባ የሚባል አልነበረም፤ እሳቸው ግን ከመናገሻ ጫካ ሥር ያደጉ ናቸውና ቅጠሏን አወቁ። ያን ሁሉ አገር በወፍ ሆድ ተሻግራ መምጣቷ እጅግ ደነቃቸው፤ በእርግጥም ይደንቃል። ወዲያው ግን የገዛ መጥረጊያቸው ስንቱን ዘር እንደደፋ ገብቷቸው ደነገጡ።

መጥረጉን ቢተዉ ስለታቸው ሊፈርስ ነው። አለቃው ዘንድ ቀርበው ያዩትን ሁሉ ነገሯቸው።

«አባቴ፣ ብጠርግ ደኑ ያልቃል፤ ብተው ደግሞ ልጄን እንዳላጣ ፈራሁ» አሉ።

አለቃው ወጥተው ቡቃያውን ብዙ ተመለከቱ። እኛ ችግኝ ፍለጋ ደጅ ስንጠና ወፎቹ ሲተክሉልን ኖረዋል ብለው ተገረሙ።

«ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ የተሳሉት ደጁን ለማገልገል ነው። መጥረጊያውን እኔ ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ እነዚህን ይጠብቁ፣ በበጋም ውሃ ያጠጡ። እግዚአብሔር ይፍታዎ።»

መስከረም ባተ። የክብር እንግዶች መጥተው ለሁለት ሺህ ዓመቱ መታሰቢያ በቅጽሩ ከተከሏቸው ችግኞች ብዙዎቹ በበጋው ደረቁ፤ የእንግዶቹ ስም ግን በእብነ በረድ ተቀርጾ እስካሁን ይነበባል። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ፣ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ደግፌ ነበር። ስለ እሳቸውም ሆነ ስለ ዋኔዎቹ የጻፈ የለም።

ዝግባይቱ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ክፈፍ አልፋለች፤ ዋኔዎችም ይሰፍሩባታል። ቅጽሩን የምትጠርገው ሰብሌ የተባለች ወጣት ከዛፎቹ ጥላ ስትደርስ መጥረጊያዋን ታነሣለች። ለምን ቢሏት፣ «እኔ እንጃ፤ የደብሩ ደንብ ነው» ትላለች።