ፊቱን ወደ ጋቢናው

ያን ቀን ከመኪናው ሲወርድ ፊቱ ወደ እኛ ነበር። ይህን ልብ ያልኩት ከወደቀ በኋላ ነው።

ልጄ መጋዘን በር ላይ የጭነት መኪና ትመዝናለች። እሱ እዚያ ጭነት የሚያመላልስ ወጣት ሹፌር ነበር። ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ጋቢናው አዙሮ፣ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ መርገጫውን በእግሩ እየፈለገ እንደ ሽማግሌ ነበር የሚወርደው። መጀመሪያ ያነጋገረችውም በዚሁ ስቃበት ነው።

«አባባ፣ ከዘራ ላምጣልዎት?»

«አምጪልኝ፣ ልጄ። አንቺም አብረሽ ነይ እንጂ፤ ከዘራው ብቻውን አይችለኝም።»

«አባባ» ስሙ ሆኖ ቀረ። ከሥራ በኋላ እቤት ይመጣ ጀመር፤ እኔም በሩን ሳልቀረቅር እጠብቀዋለሁ። ለመጋባት ቀን እየቆረጡ ነበር። እኔ ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ጎማው ይፈነዳል፣ ፍሬኑ እምቢ ይላል እያልኩ ስሰጋ ኖርኩ። መርገጫውን ግን አንድም ቀን አልፈራሁትም።

ያን ቀን ምሳዋን ረስታ ስለሄደች መጋዘኑ ድረስ ይዤላት ሄድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መኪናው ሲቆም ልጄ ከሚዛን ክፍሏ መስኮት ብቅ ብላ፣ «ቀስ ይበሉ፣ አባባ!» አለችው። እሱም ሽማግሌ አለመሆኑን ሊያሳያት ፈለገ መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ፣ እጁን ለሰላምታ እንዳነሳ እርጥቡን መርገጫ ረገጠ።

ከዚያ እስከ መሬት ያለው ከፍታ የልጅ ቁመት አይሞላም። ወገቡ ተሰበረ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይቆምም አለን።

እህቱ ቤት ተኝቶ ልጄ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች ትጠይቀው ነበር። ዛሬ አብሬያት ሄድኩ።

«ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አላት።

«እመጣለሁ።»

«ዕድሜሽን እኔ አልጋ ሥር አትጨርሺው።»

«ባልስቅብህ ኖሮ…»

«ተይ! የቀረኝ ሳቅሽ ነው፤ እሱንም አትውሰጂብኝ።»

 ብዙ አያት። ከዚያ እህቱን ጠርቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አስዞረ፤ ብቻውን መዞር አይችልም። ልጄ እስኪመሽ ጀርባውን እያየች ተቀመጠች። መልሳ እንድታዞረው እህቱን አልጠራትም። እጁ ግን የአልጋውን ብረት፣ ድሮ ያን እጀታ እንደሚይዘው፣ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነበር።

ቤት ስንገባ በሩን እንደ ልማዴ ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

«እማዬ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«እንጃ፣ ልጄ። እጄ ለምዶ ነው።»

ተነስታ ራሷ ቀረቀረችው።