ነጯ መስመር

ይሄ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው። "ሰው ነገረኝ" አይደለም። ማመን ያቃተው ይተወው፣ አልቀየመውም፤ እኔም ባላየው አላምንም ነበር።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ የማስታወቂያ ሥራ ሱቅ አለን። እኔ አትማለሁ፣ እሱ ይሰቅላል። መሰላል ላይ ሲወጣ ያየው ሁሉ "ጦጣው" ነው የሚለው። እኔን ደግሞ እሱ "ነጭናጫዋ" ይለኛል። እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ ከእሱ በቀር ማንም የለኝም።

በዚያ ሳምንት ሦስት ሜትር ወርድ ያለው ትልቅ ፕሪንተር ገዛን። ሌላ ሱቅ ሲሠራ የቆየ ነው። ሊገጥሙልን የመጡት ሽማግሌ ቴክኒሻን እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካከሉ፣ ቀለሙን ሞሉ፣ ሊወጡ ሲሉ ግን በሩ ላይ ቆም አሉ።

"ልጄ፣ የጀመረውን አስጨርሺው። መሃል ላይ እንዳታቆሚው።"

"ይሄንንማ አውቃለሁ አባባ" አልኳቸው ኮራ ብዬ።

ማንም አታሚ ያውቀዋል። ህትመት መሃል ላይ ቆሞ ሲቀጥል፣ መገናኛው ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር ትቀራለች። ምንም ብታደርጉ አትጠፋም። ደንበኛው ባያያት እንኳ እኔን ታበሳጨኛለች።

"ስለ መስመሯ ብቻ አይደለም" አሉኝና ሄዱ።

ቅዳሜ ወንድሜ አንድ ፎቅ ላይ ሰሌዳ ሊሰቅል ተነሳ። የቀኝ ጫማው ጫፍ ተከፍቶ ስላስጠላኝ በቁራጭ ቢጫ ስቲከር ለጠፍኩለት።

"አሁን ይሄ ጫማ ነው ማስታወቂያ?" አለኝ።

"ሂድ ወዲያ! ደግሞ ገመድህን እሰር።"

"እሺ፣ አንቺ ነጭናጫ!"

እየሳቀ ወጣ። ወገቡ ላይ የሚያስረው ገመድ ግን ወንበሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ያየሁት ከሄደ በኋላ ነው።

እርጥብ ቀለም አቧራ ስለማይወድ ተጠቅላዩን የብረት በር እስከ ደረቴ ድረስ አወረድኩት። ከዚያ ለሙከራ አራት ባለ ቀለም ሳጥኖች ከኮምፒውተሩ ወደ ማሽኑ ላክሁ። ሌላ ምንም አልላክሁም።

ማሽኑ ጀመረ።

ዥ...ው። ዥ...ው። በተመላለሰ ቁጥር አንድ ጣት ያህል ይወጣል።

የወጣው ግን ሳጥን አይደለም። ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ የተደገፈ የመሰላል ጫፍ።

"የድሮው ባለቤት ፋይል ውስጡ ቀርቶ ይሆናል" አልኩ ለራሴ።

ዥ...ው።

ጫማ። የሰው ጫማ፣ በእውነተኛ ልኩ። መሰላሉን አልረገጠም፣ አየር ላይ ነው።

የቀኙ ጫፍ ላይ... ቢጫ ስቲከር።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። ይጠራል... አይነሳም። ደገምኩ። አይነሳም።

ዥ...ው። ጉልበቱ። ዥ...ው። ቀበቶው። እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ የሚይዙት ነገር አጥተዋል።

"ተው... በሞቴ ተው..." እላለሁ። ማሽኑን ነው የምለምነው!

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። እንዴት እንደገባኝ አትጠይቁኝ። ሥዕሉ ካለቀ መውደቁም ያልቃል።

ደረቱ ወጣ። አንገቱ ጀመረ...

ቀዩን ማቆሚያ በቡጢ መታሁት።

ጸጥ አለ።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከውጭ ኮቴ ሰማሁ። በበሩ ስር ሁለት ጫማዎች መጥተው ቆሙ። የቀኙ ቢጫ አለበት።

"ተመስገን! ስልክህን ለምን አታነሳም? ልቤን አጠፋኸው እኮ!"

ጫማዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

"ጎንበስ ብለህ ግባ እንጂ!"

"አልችልም" አለ በሹክሹክታ።

ከቆምኩበት እስከ ደረቱ ይታየኛል። እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው።

"ወድቄ ነበር መሰለኝ... ግን መሬት አልደረስኩም። እህቴ... መብራት ጠፋ እንዴ?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያ ለምን ጨለመ?"

ፀሐይዋ ጫማው ላይ ታበራ ነበር።

በሩን ከፍ ባደርገው ከአንገቱ በላይ ምን እንደማይ... አይ፣ አልደፈርኩም። ወደ ማሽኑ ዞርኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ካቆመበት ይቀጥል?"

ባስጨርሰው ሊወድቅብኝ ነው። ብተወው እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው።

"እህቴ... ፈራሁ።"

ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ፈራሁ ብሎ አያውቅም።

ተጫንኩት።

ዥ...ው። አገጩ። ዥ...ው። ከንፈሩ። ዓይኔን ጨፈንኩና የሆነ ነገር ዱብ ሲል ለመስማት ጠበቅኩ።

ማሽኑ ጨርሶ ጢጥ አለ።

"አንቺ ነጭናጫ! ምን ያስለቅስሻል?"

ጎንበስ ብሎ ገብቶ ፊቴ ቆሟል። ሙሉ ሰው። እየሳቀ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስለ መሰላሉ ብጠይቀው ምንም አያስታውስም።

ስለቀው ነው ያየኋት። አንገቱን ዙሪያውን የከበበች፣ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር። በሳሙና አሸን፣ በቀለም ማስለቀቂያ ሞከርን። አልሄደችም።

ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ያበሽቀኛል። መሰላል ግን አላስወጣውም። ያንን ማሽን ልሸጠው ሰው አነጋግሬ ነበር፤ ትናንት ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ።

ወንድሜ ባዶ ብርጭቆ ይዞ "እህቴ፣ እስቲ ውሃ..." እያለ ነበር።

አልጨረሰውም።

አፉ እንደተከፈተ፣ እጁ እንደተዘረጋ ቆመ። ጠራሁት። ነቀነቅኩት። እጁ ይሞቃል፤ ዓይኑ ግን አይርገበገብም።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ይዤ አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ለማን ይነገራል? ማንን ይጠሩታል?

መብራቱ መጣ። ማሽኑ ከወዲያ ጢጥ አለ።

"...ቅጂልኝ" አለ ወንድሜ።

ቀዳሁለት። ቀና ብሎ ሲጠጣ አንገቱን አየሁት።

መስመሮቹ ሁለት ሆነዋል።