የአርባ ምንጯ ወባ

ሶፊ አርባ ምንጭ ደርሳ በሰላም መመለሷ ለስምንተኛ ቢ ተማሪዎች በሙሉ ተገለጸ። ገላጯ ራሷ ሶፊ ነበረች። አዞ አይታለች፤ አዞውም አይቷታል።

እውነቱን የምታውቀው ጓደኛዋ ማራኪ ብቻ ነበረች። ሶፊ የግማሽ ዓመቱን እረፍት ያሳለፈችው እዚሁ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ዘግታ ነው። ቺፕስ እየገዛች በድብቅ የምታደርስላት ማራኪ ነበረች። ጉዞው ቀረ፤ ወሬው ግን ቀድሞ ሄዶ ነበር። የሶፊ እናት ወይዘሮ ዋጋነሽም ለጎረቤት ያወሩት ይህንኑ ነው።

በሳምንቱ ሶፊን አንቀጠቀጣት። ጤና ጣቢያ ደሟ ሲታይ ወባ ሆነ። ጎረቤቱ እፎይ አለ፤ ከአርባ ምንጭ የመጣ ነዋ!

ማራኪ እፎይ አላለችም። ከብሎኩ ጀርባ ተቆፍሮ የተተወው ቦይ በጥር ዝናብ ጢም ብሏል። ጥር እንዲህ መዝነብ የጀመረው፣ ሌሊቱም ብርድ ልብስ ማስጣል የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። የትንሽ ወንድሟ የቀዳማዊ አልጋ ደግሞ በቦዩ ትይዩ፣ መስኮቱ ሥር ነው።

«ልናገር ነው» አለቻት ሶፊን።

«አበድሽ እንዴ? ክፍሉ በሙሉ ‹አዞ› ብሎ ነው የሚጠራኝ! ከተናገርሽ ተጣላን፣ በቃ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጤና ኤክስቴንሽኗ ሲስተር ውዳሴ መጣች። ነዋሪው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ።

«አካባቢው ላይ ውሃ የተኛበት ቦታ አለ?»

«ሲስተር፣ ይሄ ደጋ ነው» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሰብስቤ። «ወባ እዚህ አትኖርም፤ ይበርዳታል።»

ማራኪ ተነሳች።

«ሲስተር… ሶፊ አርባ ምንጭ አልሄደችም። እዚሁ ነበረች። ውሃውም ከጀርባ አለ።»

«ኧረ ባክሽ!» ወይዘሮ ዋጋነሽ ሳቁ። «ልጄ አዞ ስላየች ቀንታ እኮ ነው!»

ሰዉም ሳቀ።

«ቁጭ በይ፣ አንቺ ልጅ» አሉ አቶ ሰብስቤ። «ትልቅ ሰው እያወራ ነው።»

ማራኪ አልተቀመጠችም።

ሲስተር ውዳሴ ደብተሯን ልትከድን ስትል የብሎኩ ዘበኛ ጋሽ ወዬሳ ከጥበቃ ቤታቸው ብቅ አሉ። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርበዋል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«ጋሽ ወዬሳ! የት ከርመው ነው?» አለች ሲስተር።

«እኔ? የት እሄዳለሁ ልጄ?» አሉ። «ከገና ወዲህ ከዚህ በር አልራቅኩም። ‹ተቀያሪ ስጡኝ› እያልኩ አቶ ሰብስቤን ስማፀን ነው የከረምኩት።»

ሲስተር ውዳሴ ደብተሯን መልሳ ገለጠች። አቶ ሰብስቤ የጠቀለሉትን የሸሚዝ እጅጌ ቀስ ብለው ወደ ታች ሳቡና ቆለፉት።