ማንም ያልሳቀባት ተቆጣጣሪ

ዋና አዘጋጁ የቴሌቪዥን ድራማውን የምዕራፍ አራት ቅጂ እንድገመግመው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥልኝ «ይሄን ለሌላ ሰው ስጠው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አይ የኔ ነገር! የድራማው ደራሲ የምወደው ሰው መሆኑን ጋዜጣው ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አፍ አውጥቼ መናገር አፈርኩ።

ድራማውን የማያይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዲት ትንሽ ፖስታ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ታሪክ ነው፤ ቁጡዋ ኃላፊ አለች፣ የፖስታውን አድራሻ ብቻ አይቶ የሰው ዕጣ ፈንታ የሚተነብይ ማኅተም መቺ አለ፣ ከሁሉም ጋር የምትነታረክ እሽግ መዛኝ አለች፣ ዓይን አፋር ፖስታ አዳይም አለ። ቀኑን ሙሉ ይጣላሉ፤ አንዱ የከፋው ቀን ግን ሁሉም ሥራቸውን ትተው ይከቡታል። ከዜና በቀር ቴሌቪዥን የማታየው እናቴ እንኳ ለእነሱ ስትል ጎረቤት ጠርቷት ቀርታ ታውቃለች።

እኔና እሱ የተገናኘነው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ቤት ነው። እኔ የእማዬን ቴሌቪዥን፣ እሱ የራሱን ይዘን ወረፋ እየጠበቅን ሳለ፣ ጠጋኙ ጠግኖ የጨረሰውን ሲሞክር ያ ድራማ ብቅ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ታዲያ ቀልዱ ሳይመጣ ይስቃል። አንዴ ዝም አልኩ፤ ሁለቴ ዝም አልኩ።

«አይተውታል እንዴ?» አልኩት በሦስተኛው።

«አይ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

ድራማውን ጋዜጣ ላይ የምገመግመው እኔ መሆኔን ስነግረው ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ከቦርሳው ውስጥ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ። ስለ ምዕራፍ ሦስት የጻፍኩት ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። እኔ እዚያው ውሃ ሆንኩ። አንቱታውን ያኔውኑ ተውነው። ከዚያ በኋላ እሱ «ዳኛዬ» ይለኛል፣ እኔ «ችኩል» እለዋለሁ።

አንድ ዓመት እንዲህ ከረምን። አብረን የምንሄድበት ሩቅ ቦታ አልነበረንም፤ አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ሦስት አራት አውቶቡስ እናሳልፋለን፣ በቃ። አንድ ስምምነት ብቻ ነበረን፤ ሥራው ሳይወጣ ስለ ሥራው አናወራም። ስምምነቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው! እማዬ «ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚጠይቅሽ?» እያለች መግቢያ መውጫ ስታሳጣኝ፣ እሱ «ምዕራፍ አራት አልቆ ይታይ፣ ከዚያ የምልሽ ነገር አለ» ይለኛል። ምን ሊለኝ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል?

ለእኛ ለገምጋሚዎች ከስምንቱ ክፍሎች ቀድመው የሚላኩልን ስድስቱ ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከእማዬ ጋር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ክፍል አንጀት ያርሳል፤ ሁለተኛው ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ መጣች። መነጽሯን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። ስትናደድ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ከመናገሯ በፊት «ልብ በሉ» ትላለች።

እማዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን አየች።

«ይቺ ልጅ አንቺን ቁጭ» አለች። ደግሞም «ግን አታስቅም» አለች።

እውነቷን ነው። ተቆጣጣሪዋ ቆንጆ፣ ብልህ፣ ደግ ናት። ስትገባ ቁጡዋ ኃላፊ ትለዝባለች፣ ማኅተም መቺው ትንቢቱን ይተዋል፣ እሽግ መዛኟ እንኳ አትነታረክም። ፖስታ አዳዩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እሷን እያየ ይውላል። ችኩልዬ ያንን ሁሉ ሰው ከነጉድለቱ እየወደደ ሲያስቀን ኖሮ፣ እኔ ላይ ሲደርስ መቀለድ አቃተው። ስድስተኛው ሲያልቅ ወሽመጤ ብጥስ አለ። እንዲህ ተወድጄ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ደካማ ሥራም ከእሱ አይቼ አላውቅም።

ሁለት ቀን ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ላለሳልሰው ሞከርኩ፣ የለሰለሰው ውሸት ሆነብኝ፤ እሱ ደግሞ ውሸቴን ከመጀመሪያው መስመር ያውቀዋል። ምን አባቴ ላድርግ? በመጨረሻ ያየሁትን ጻፍኩ፦ «ተቆጣጣሪዋ አንድም ጉድለት የላትም፤ ስለዚህ ሰው አትመስልም። እሷ ባለችበት ማንም መሳቅ አይችልም። ወደ መጣችበት ትመለስ።»

ጣቢያው ቀድሞም ተመልካች ቀነሰብን እያለ ሲያጉረመርም ነበር። የኔ ጽሑፍ ሰበብ ሆነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ጥለው ምዕራፉን በአንድ አጭር ክፍል ዘጉት፤ ኃላፊዋ «ተቆጣጣሪዋ ተዛውራለች» አለች፣ አለቀ።

ያ ክፍል በታየ በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ጽሑፌ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጋዜጣው ቤት ደረጃ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ ገርጥቷል፤ ቁጣ ግን የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስምንተኛው ክፍል ላይ ፖስታ አዳዩ አግቢኝ ብሎ ይጠይቃት ነበር» አለኝ። «እናትሽ ቤት፣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ላሳይሽ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ እኔም ልጠይቅሽ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ሰዎች በመሃላችን «ይቅርታ» እያሉ ይወጣሉ ይወርዳሉ።

«አሁን ጠይቀኝ» አልኩት።

አልጠየቀኝም። ጣቢያው አንድ ዕድል ብቻ እንደሰጠው ነገረኝ፤ ምዕራፍ አምስት ካላሳቀ ድራማው ይዘጋል፣ ሃያ ሰው ሥራ ይፈታል። ከጽሑፌ ወዲህ ደግሞ አንድ ገጽ መጻፍ አልቻለም።

«የጻፍሽው እውነት ነው» አለ። «ውሸት ቢሆን ኖሮ ተጣልተን እንታረቅ ነበር። አንቺን እየወደድኩ መቀለድ አልችልም። ልለምደው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።»

«እኔ መገምገሙን ልተወው?»

«ብትተዪውስ? ባትጽፊውም ከዓይንሽ አነበዋለሁ እኮ።»

ሊሄድ ሲነሣ ልቤ «አትሂድ በይው» አለኝ። የሃያ ሰው ኑሮ እጁ ላይ ነው፤ ምን ብዬ ላስቀረው? ማዶ ካለው ማቆሚያ መጀመሪያ በመጣው አውቶቡስ ሄደ፤ እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። እማዬ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አልጠየቀችኝም። ካልጠፋ ሰዓት መጥታ ፀጉሬን ትዳብሰኛለች።

ከዓመት በኋላ ምዕራፍ አምስት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አሁንም እምቢ አላልኩም። ሦስተኛው ክፍል ላይ ተቆጣጣሪዋ ተመለሰች። መነጽሯን ስትጠርግ ሻርፗ ከእሽጉ ጋር አብሮ ታሸገ። «ልብ በሉ» ባለች ቁጥር ማኅተም መቺው ደረቱን ይይዛል። በመጨረሻ የፖስታ ቤቱን የመዝጊያ ሰዓት ደወል ራሱን «ዘግይተሃል» ብላ ከሰሰችው። እማዬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሳቁ መሃል ነው ነገሩ የገባኝ፤ አሁን እኔ ላይ መቀለድ ችሏል።

እማዬ ዘወር ብላ አየችኝና ሳቋን አቆመች።

ሰኞ ጠዋት ዋና አዘጋጁ «እንዴት ነው ይሄኛው?» ሲለኝ፣ ከሁሉም የተሻለው ነው አልኩት። እንደዚያው ብዬም ጻፍኩ።